ለብሉበርድ የጎጆ ሳጥን፦ በአካባቢ ፓርክ የሚሠራ የኢግል ስካውት ፕሮጀክት ከሐሳብ እስከ ርክክብ

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች «ኢግል ስካውት» የሚለውን ማዕረግ በቁም ነገር ማሰብ የሚጀምሩት ልጃቸው አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቶት ጊዜው ሲጣበብ ነው። ማዕረጉ የአሜሪካው የስካውት ድርጅት ከ1912 ጀምሮ የሚሰጠው የመጨረሻው ደረጃ ነው፤ ድርጅቱ ከ2019 ወዲህ ልጃገረዶችንም በዚሁ መርሐ ግብር ይቀበላል፤ በ2025 ደግሞ ስሙን ወደ «ስካውቲንግ አሜሪካ» ለውጧል። ስለዚህ ከዚህ በታች «ወጣቱ» ሲባል ወጣቷንም ይጨምራል። ማዕረጉን ለማግኘት ከሚጠየቁት ነገሮች መካከል 21 ሜሪት ባጆች (በየሙያው የሚገኙ የክህሎት ምልክቶች)፣ ከኢግል በፊት ባለው በ«ላይፍ» ደረጃ ቢያንስ ስድስት ወር መቆየት እና አንድ የአገልግሎት ፕሮጀክት ይገኙበታል፤ ሁሉም 18ኛው የልደት ቀን ከመድረሱ በፊት መጠናቀቅ አለባቸው። ይህ መመሪያ የሚመለከተው ፕሮጀክቱን ብቻ ነው፤ ከፕሮጀክቶችም መካከል በአካባቢ ፓርክ ለብሉበርድ የጎጆ ሳጥን የመሥራትንና የመትከልን ሥራ ነው።

ብሉበርድ የተመረጠችው ችግሯ ግልጽ፣ መፍትሔውም በወጣት እጅ የሚሠራ ስለሆነ ነው። ጀርባዋ ሰማያዊ፣ ደረቷ የሸክላ ቀለም ያለው ይህች ትንሽ ወፍ ጎጆዋን የምትሠራው በቅርንጫፍ ላይ ሳይሆን በጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ነገር ግን መንቁሯ እንጨት መፈልፈል ስለማይችል ግንደ ቆርቁር ፈልፍሎ የተወውን ቀዳዳ ወይም የበሰበሰ የአጥር እንጨት ትፈልጋለች። የደረቁ ዛፎች እየተቆረጡ፣ የእንጨት አጥሮች በብረት እየተተኩ ሲሄዱ ማደሪያዋ ጠበበ። በዚያ ላይ ከአውሮፓ የመጡ ሁለት ወፎች የቀረውን ቀዳዳ ተሻሟት፤ የቤት ድንቢጥ በ1851 በብሩክሊን፣ ስታርሊንግ ደግሞ በ1890 በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ተለቀዋል። በሜሪላንድ ቤልትስቪል በሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ግቢ ውስጥ የሳጥን መስመር ዘርግተው ወፏን ይከታተሉ የነበሩት ሎውረንስ ዘሌኒ በ1978 የሰሜን አሜሪካ የብሉበርድ ማኅበርን መሥርተዋል። ከዚያ ወዲህ ወፏ በብዙ ቦታ እንድታገግም ከረዱት ነገሮች አንዱ በበጎ ፈቃደኞች እጅ የተተከለው ሳጥን ነው።

1. ከእንጨቱ በፊት ፓርኩን ማነጋገር

አብዛኛው ስህተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ወጣቱ አሥር ሳጥን ሠርቶ በመኪና ጭኖ ወደ ፓርኩ ይሄዳል፤ ፓርኩ ግን ሳጥን አልጠየቀም፣ ወይም የራሱ ንድፍ አለው፣ ወይም ሜዳው በሚቀጥለው ዓመት ወደ ጫካ እንዲመለስ ተወስኗል። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ፓርኩ የማን እንደሆነ ማወቅ ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ የከተማው፣ የካውንቲው፣ የግዛቱና የፌዴራሉ መንግሥት ፓርኮች ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ፤ ለምሳሌ በዋሽንግተን ውስጥ ያለው ሮክ ክሪክ ፓርክ የሚተዳደረው በብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ስለሆነ፣ የካውንቲ ፓርክ ሠራተኛ ስለ እሱ ሊፈቅድም ሊከለክልም አይችልም። ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሮጀክት ለሚሠራ ወጣት የካውንቲ ፓርክ የሚመረጥ ይመስለኛል፤ የተፈጥሮ ማዕከል ያላቸው ፓርኮች ደግሞ ስካውቶችን የሚያነጋግር ሰው ስለሚኖራቸው ሥራው ይቀላል።

ቀጠሮው ሲያዝ ደውሎ የሚያነጋግረው ወጣቱ ራሱ መሆን አለበት፤ አባትና እናት ጎን ቢቀመጡ ችግር የለውም፤ ንግግሩን ግን አይውሰዱት። በውይይቱ ላይ ሊነሱ የሚገባቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው፦ ሣሩ አጭር ሆኖ የሚታጨድ፣ ዛፍ የተበተነበት ክፍት ሜዳ አለ ወይ? ቀድሞ የተተከሉ ሳጥኖች አሉ ወይስ ተበላሽተዋል? ፓርኩ የሚመርጠው ንድፍ ምንድን ነው? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ሳጥኖቹን ከማርች እስከ ኦገስት በየሳምንቱ ከፍቶ የሚያይ ማን ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ካላገኘ ፕሮጀክቱን መቀየር ይሻላል። የሚከታተለው ሰው የሌለው ሳጥን በቤት ድንቢጥ እጅ ይወድቃል፤ ድንቢጧ ደግሞ ሳጥኑን ከያዘች በኋላ የብሉበርዷን እንቁላል ትሰብራለች፤ አንዳንድ ጊዜም እናቲቱን በጎጆዋ ውስጥ ወግታ ትገድላለች። ስለዚህ ጠባቂ የሌለው ሳጥን ከባዶ ሜዳ የባሰ ነው። በእንዲህ ያለው ፓርክ ዛፍ ላይ የሚወጣውን የውጭ አገር አይቪ መንቀል ወይም ለሞናርክ ቢራቢሮ አባጨጓሬ ምግብ የሚሆነውን ሚልክዊድ የተባለ ተክል መትከል የተሻለ አገልግሎት ነው።

ቦታው ሜዳ ሳይሆን ረግረግ ከሆነ ደግሞ ዉድ ዳክ ለተባለችው የጫካ ዳክዬ የሚሆን ትልቅ ሳጥን ይታሰብ፤ ቀዳዳው ቁመቱ 3፣ ስፋቱ 4 ኢንች የሆነ ሞላላ ነው። ዳክዬዋ የጎጆ ሣር ስለማትሸከም ውስጡ በእንጨት ፍቅፋቂ ይነጠፋል፤ ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ ማግስት ወደ መሬት ወይም ወደ ውኃ ስለሚዘሉም በፊተኛው ሳንቃ የውስጥ ገጽ ላይ የሚወጡበት የሽቦ ወንፊት ይለጠፍለታል።

2. ወረቀቱና አራቱ ፊርማዎች

ፕሮጀክቱ የሚመዘገበው ድርጅቱ ባዘጋጀው የኢግል ፕሮጀክት መዝገብ ላይ ነው፤ መለያ ቁጥሩ 512-927 ሲሆን፣ ዋናዎቹ ክፍሎቹ ማመልከቻ፣ ዝርዝር ዕቅድና የመጨረሻ ሪፖርት ናቸው። ማመልከቻው በአራት ወገን ይፈረማል፦ ተጠቃሚው ማለትም ፓርኩ፣ ስካውትማስተሩ ማለትም የቡድኑ አዋቂ መሪ፣ የትሩፑ ማለትም የስካውት ቡድኑ ኮሚቴ፣ በመጨረሻም የድርጅቱ የአካባቢ አካል የሆነው ካውንስሉ ወይም ዲስትሪክቱ። አራቱ ሳይሟሉ እንጨት መግዛትም ሆነ ሳጥን መቁረጥ አይገባም፤ በተለይ የልደት ቀኑ የተቃረበ ወጣት «ፊርማው አይቀርም» ብሎ ቀድሞ ቢጀምር ሥራው ሁሉ ሊቀርበት ይችላል።

መስፈርቱ ላይ ሦስት ነገሮችን በትክክል መረዳት ይጠቅማል። ፕሮጀክቱ ከስካውት ድርጅት ውጭ ያለን ተቋም መጥቀም አለበት። ወጣቱ ሌሎችን መምራት አለበት፤ «ሌሎች» ሲባልም ከእሱ በተጨማሪ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ማለት ነው። የሰዓት ብዛት ግን ይመዘገባል እንጂ ዝቅተኛ ልክ አልተቀመጠለትም፤ «መቶ ሰዓት ያስፈልጋል» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። በሌላ በኩል፣ ፓርኩ በየጊዜው የሚያሠራው ተራ ጉልበት ሥራ፣ ለምሳሌ ቆሻሻ መልቀም ብቻ፣ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ፕሮጀክት አይቆጠርም።

እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ቃል ማለት ያስፈልጋል። እኛ ልጅ ሲደክም ማየት አንወድም፤ «አንተ ትምህርትህን አጥና፣ እኔ እቆርጥልሃለሁ» ማለት ፍቅር እንጂ ክፋት አይደለም። በዚህ ፕሮጀክት ግን የሚመዘነው ሳጥኑ አይደለም፤ የሚመዘነው ወጣቱ ማቀዱና ሰው ማሰማራቱ ነው። መጋዙን ይዞ የሚቆርጥ አባት ሊረዳ ይችላል፤ ምን እንደሚቆረጥና መቼ እንደሚቆረጥ የሚወስነው ግን ልጁ ነው። ከማኅበር፣ ከዕድር ወይም ከቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ለማሰባሰብ ከታሰበም ቀድሞ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ቅጹ ያስፈልግ እንደሆነ ካውንስሉን መጠየቅ ይገባል፤ ገንዘቡ የሚሰበሰበው በፓርኩ ስም ነው፣ የተረፈውም ለፓርኩ ይሰጣል። ሴት ልጃቸው በሌላው ድርጅት፣ በገርል ስካውትስ፣ ያለች ቤተሰቦች የሚመለከታቸው የዚያ ድርጅት ከፍተኛ ሽልማት የሆነው የጎልድ አዋርድ ደንብ የተለየ ስለሆነ ይህን ክፍል ለእሷ አይጠቀሙበት፤ የቀረው ግን ይሠራል።

3. ጊዜውን ወደ ኋላ መቁጠር

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ብሉበርዶች ማደሪያ መፈለግ የሚጀምሩት ክረምቱ ሳያልቅ ስለሆነ፣ ሳጥኖቹ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ ቢቆሙ መልካም ነው፤ ቢዘገይ ማርች መግቢያ። ከዚያ ወደ ኋላ ሲቆጠር፣ ሴፕቴምበር ፓርኩን ለማነጋገር፣ ኦክቶበርና ኖቬምበር ለማመልከቻውና ለፊርማዎቹ፣ ዲሴምበርና ጃንዩዋሪ ለመቁረጥና ለመገጣጠም ይሆናሉ። የትሩፕ ኮሚቴ በወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰበሰብ ከሆነ፣ አንድ ስብሰባ ማምለጥ ማለት አንድ ወር ማጣት መሆኑ አይዘንጋ።

4. ሳጥኑን መቁረጥና መግጠም

ፓርኩ የራሱን ንድፍ ከሰጠ የእሱን መከተል ይገባል። ካልሰጠ ግን ከዚህ በታች ያለው ልክ ለአሥር ሳጥን ይበቃል። ልኮቹ በኢንች የተቀመጡት እንጨቱ በመደብር የሚሸጠው በዚሁ ስለሆነ ነው።

እንጨቱ ውፍረቱ ሦስት አራተኛ ኢንች የሆነ፣ ያልተቀባና በኬሚካል ያልተነከረ ሴዳር ወይም ፓይን ይሁን። ሴዳር ዋጋው ይበልጣል፤ ሳይቀባም ዝናብና ፀሐይን ለዓመታት ስለሚችል ግን ልዩነቱ ያዋጣል። በመደብር «አንድ በስድስት» ተብሎ የሚሸጠው ሳንቃ በትክክል ሲለካ ውፍረቱ ¾፣ ስፋቱ 5½ ኢንች ነው፤ «አንድ በአሥር» የሚባለው ስፋቱ 9¼ ኢንች ነው። ይህን የማያውቅ ወጣት በወረቀት ላይ ያማረ ንድፍ ሠርቶ በሥራው ቀን ምንም አይገጥምለትም።

ለአንድ ሳጥን ከአንድ በስድስቱ ሳንቃ የሚቆረጡት ጀርባ 16፣ ሁለት ጎኖች እያንዳንዳቸው 10፣ ፊት 9¾፣ ወለል 4 ኢንች ናቸው። ድምሩ ወደ 50 ኢንች ስለሚጠጋ፣ ከአንድ ባለ 10 ጫማ ሳንቃ ሁለት ሳጥን ይወጣል፤ ለአሥር ሳጥን አምስት ሳንቃ ይበቃል። ባለ 8 ጫማውን የገዛ ሰው ግን ከእያንዳንዱ ሳንቃ አንድ ሳጥን ብቻ አውጥቶ ግማሽ የሚጠጋውን ይጥላል። ጣሪያው ከአንድ በአሥሩ ሳንቃ በ8 ኢንች ርዝመት ይቆረጣል፤ ለአሥሩም አንድ ባለ 8 ጫማ ሳንቃ ይበቃል።

ወለሉ በሁለቱ ጎኖች መካከል ይገባል፤ በዚህም የውስጡ ስፋት 4 በ5½ ኢንች ይሆናል። ዝናብ ከሥር እንዳያርሰው ከሳጥኑ የታችኛው ጠርዝ ሩብ ኢንች ከፍ ብሎ ይገጠም፤ አራቱም ማዕዘኖቹ ትንሽ ትንሽ ተቆርጠው ውኃ መውጫ ይሁኑ። ፊቱ ከጎኖቹ ሩብ ኢንች ማጠሩ በስህተት አይደለም፤ ከጣሪያው ሥር የሚቀረው ክፍተት የሐምሌ ሙቀት ማስወጫ ነው። ጣሪያው ከጀርባው ጋር እኩል ሆኖ ከተገጠመ ከፊት ከሁለት ኢንች በላይ ወጣ ብሎ ቀዳዳውን ከዝናብ ይከልላል።

ቀዳዳው የሳጥኑ ዋና ነገር ነው። ስፋቱ በትክክል 1½ ኢንች ይሁን፤ ብሉበርድ በዚያ ትገባለች፣ ስታርሊንግ ግን አያልፍም፤ ትንሽ ቢሰፋ ለጠላት በር መክፈት ነው። የቀዳዳው መካከል ከፊተኛው ሳንቃ የታችኛው ጠርዝ 7¾ ኢንች ከፍ ብሎ ይውጣ፤ ያኔ በቀዳዳው ሥርና በወለሉ መካከል ስድስት ኢንች ይቀራል። ከፊቱ መቆሚያ እንጨት አይተከል። በሥዕል ላይ የምናየው የወፍ ቤት ሁሉ መቆሚያ አለው፤ ብሉበርድ ግን አያስፈልጋትም፤ የሚጠቀምበት የቤት ድንቢጥ ነው። ከቀዳዳው በታች በፊቱ የውስጥ ገጽ ላይ በመጋዝ አራት አምስት ጭረት ይጫር፤ ጫጩቶቹ ለመውጣት የሚቆናጠጡበት ይሆናል።

አንዱ ጎን በር ነው። በር የሚሆነው ጎን ከላይ በፊትና በጀርባ በኩል ትይዩ በሆኑ ሁለት ምስማሮች ብቻ ይያዝ፤ ያኔ ከታች ተስቦ ወደ ውጭ ይከፈታል፤ ከሥሩም በአንድ ብሎን ይዘጋል። ምስማሮቹ ትይዩ ካልሆኑ በሩ ይነክሳል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ሳጥን ላይ ሞክሮ ልኩን በካርቶን መቅረጽ ጊዜ ያድናል። ሴዳር በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ ብሎን ከመግባቱ በፊት በቀጭን ድሪል መብሳት ግዴታ ነው።

በኤሌክትሪክ መጋዝ የሚቆርጠው ዕድሜው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ብቻ ነው፤ ለሌሎቹ መሣሪያዎችም ስካውት በዕድሜ የከፋፈለው ሰንጠረዥ ስላለ ወጣቱ አስቀድሞ አንብቦ ለእያንዳንዱ ሰው ሥራ ይመድብ። ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት ያላነሰ ሁለት የተመዘገቡ አዋቂ መሪዎች በቦታው መኖር አለባቸው። ትንንሾቹ ስካውቶች ልክ መለካት፣ ማለስለስና ቁጥር መጻፍ ይችላሉ፤ ያለ ሥራ የቆመ ልጅ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጨዋታ መጀመሩ አይቀርም።

5. ቦታ መምረጥና መትከል

አገር ቤት ቀፎ የሰቀለ ሰው ይህን ክፍል ሳይነገረው ያውቀዋል፤ ንቡ መግባት አለመግባቱን የሚወስነው ከቀፎው ይልቅ የተሰቀለበት ቦታ ነው። ብሉበርድም የምትፈልገው አጭር ሣር ያለበትን ሜዳ ነው፤ ከዝቅተኛ ቅርንጫፍ ወይም ከአጥር ላይ ሆና ፌንጣና ጥንዚዛ አይታ ወርዳ ትለቅማለችና። ከቤቶች፣ ከከብት በረትና ሰው ምግብ ከሚጥልባቸው የሽርሽር ጠረጴዛዎች ራቅ ሲባል የቤት ድንቢጥ ይቀንሳል፤ ከቁጥቋጦና ከጫካ ጠርዝ ራቅ ሲባል ደግሞ የሌላውን ጎጆ እየገባ እንቁላል የሚበሳው ሬን የተባለ ትንሽ ወፍ ይቀንሳል።

በሁለት የብሉበርድ ሳጥኖች መካከል ቢያንስ 300 ጫማ ይኑር፤ ወፏ ግዛቷን ስለምትጠብቅ ተቀራርበው ቢተከሉ አንዱ ባዶ ይቀራል። ትሪ ስዋሎ የተባለው ወንጭፊት መሳይ ወፍ በብዛት ባለበት ሜዳ ግን ሳጥኖቹን ከ15 እስከ 20 ጫማ አራርቆ ጥንድ ጥንድ አድርጎ መትከል የታወቀ ዘዴ ነው፤ አንዱን እሱ ሲይዝ ሌላውን ከራሱ ዘር ስለሚከላከል ለብሉበርዷ ይቀርላታል። ቀዳዳው ነፋስና ዝናብ ከሚበዛበት አቅጣጫ ዞሮ ወደ ምሥራቅ ቢያይ፣ ከፊቱም በ100 ጫማ ክልል ውስጥ ጫጩቷ መጀመሪያ በርራ የምታርፍበት ዛፍ ቢኖር ጥሩ ነው።

ሳጥን በዛፍ ወይም በእንጨት አጥር ላይ አይቸነከር፤ ራኩን፣ እባብና ድመት በቀላሉ ይወጡበታል። ፌሮ መሬት ውስጥ ይመታል፤ በላዩ ላይ ለስላሳ የብረት ቱቦ ይጠለቃል፤ ሳጥኑም ከመሬት አምስት ጫማ ያህል ከፍ ብሎ በቱቦው ላይ ይታሰራል። ከሳጥኑ ሥር ደግሞ ከላሜራ የተሠራ፣ ርዝመቱ 24፣ ስፋቱ ከ7 እስከ 8 ኢንች የሆነ የምድጃ ጭስ ማውጫ ቱቦ ላዩ ተደፍኖ ይንጠለጠላል። በቱቦው የሚወጣው እባብ ከተደፈነው ጫፍ ሥር ገብቶ መውጫ ያጣል፤ ራኩኑም የሚጨብጠው አያገኝም። ገንዘብ ካጠረ የሳጥኑን ቁጥር ከአሥር ወደ ስድስት መቀነስ እንጂ ይህን መከላከያ መተው አይገባም።

ፌሮ መምታት እንደ ቁፋሮ ስለሚቆጠር፣ ከመተከሉ ጥቂት የሥራ ቀናት ቀድሞ፣ ከመሬት በታች ያሉ መስመሮችን ወደሚያስመለክተው 811 መደወል ያስፈልጋል፤ አገልግሎቱ በነፃ ነው፤ ጥሪውን ፓርኩ ራሱ ማድረግ ይፈልግ እንደሆነም ይጠየቅ። ያለዚህ የጋዝ ወይም የኤሌክትሪክ መስመር መምታት የሚቻል ነገር ነው።

6. ክትትልና ርክክብ

ሳጥኑ በሳምንት አንድ ጊዜ ይከፈታል፤ ቀስ ብሎ ማንኳኳት፣ ማየት፣ መጻፍ፣ መዝጋት ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። «ሰው የነካውን ጎጆ ወፍ ትተወዋለች» የሚባለው እውነት አይደለም። የጎጆው ሠሪ ማን እንደሆነ ከእንቁላሉ በፊት በጎጆው ይታወቃል፦ ከቀጭን ሣር ወይም ከፓይን ቅጠል የተሠራ ንጹሕ ጽዋ የብሉበርድ ነው፤ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት (ሞስ) ምንጣፍ ቺካዲ የተባለችው ትንሽ ወፍ ነው፤ ላባ የተነጠፈበት የስዋሎ፣ በጭራሮ የታጨቀ የሬን፣ ሣርና ወረቀት እስከ ጣሪያው የተዝረከረከበት ደግሞ የቤት ድንቢጥ ነው። በ1918 የወጣው የፍልሰተኛ ወፎች ሕግ የአገሬውን ወፎች ጎጆና እንቁላል መንካት ይከለክላል፤ የቤት ድንቢጥና ስታርሊንግ በዚህ ሕግ አይጠበቁም። ቢሆንም የድንቢጡን ጎጆ ማንሳት የሚወስነው ፓርኩ ነው፤ ስካውት በራሱ ግምት እጁን አያስገባ።

ብሉበርድ አብዛኛውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ሰማያዊ እንቁላል ትጥላለች፤ ሁለት ሳምንት ያህል ትታቀፋለች፤ ጫጩቶቹም ከሁለት ሳምንት ተኩል ገደማ በኋላ ይበራሉ። ጫጩቶቹ 12 ቀን ከሞላቸው በኋላ ግን ሳጥኑ አይከፈት፤ ደንግጠው ሳይደርሱ ሊዘሉ ይችላሉ። ስለዚህ የመፈልፈያው ቀን በትክክል መመዝገብ አለበት። ሲበሩ አሮጌው ጎጆ ይወጣል፤ ወፏ በዚያው ዓመት ሁለተኛ፣ አንዳንዴም ሦስተኛ ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። የተመዘገበው መረጃ የኮርኔል የአእዋፍ ጥናት ላብራቶሪ በሚመራው ኔስትዎች በተባለው የጎጆ መረጃ መዝገብ ላይ ሊገባ ይችላል።

ርክክቡ ሲደረግ ለፓርኩ የሚሰጡት ነገሮች ሳጥኖቹ በቁጥር የተመለከቱበት ካርታ፣ የንድፉ ልኮች፣ ባዶ የመመዝገቢያ ቅጾችና ሁለት ትርፍ በሮች ናቸው። ከዚያ የፓርኩ ተወካይ በመዝገቡ የመጨረሻ ሪፖርት ላይ ይፈርማል፤ ስካውትማስተሩም እንዲሁ። በሪፖርቱ ላይ ከዕቅዱ የተለወጠው ነገር ሁሉ በግልጽ ይጻፍ፤ ወጣቱን ለማዕረጉ የሚመዝነው የገምጋሚው ቦርድ ስለ እሱ መጠየቁ አይቀርም።

የመጀመሪያው የክትትል ቀን በማርች መጀመሪያ ይሆናል። በዚያ ቀን ወጣቱ ሥራውን ከሚረከበው ሰው ጋር አብሮ ይሂድ፤ ብሎኑን ፈትቶ በሩን የሚከፍተው ግን ተረካቢው ይሁን።